ደወሉን ያልሰማችው

ፌንጣ ደረጃው መሐል ላይ ቆማለች። እየወጣች ይሁን እየወረደች አላወቀችም።

ቀኝ እጇ የደረጃውን የብረት መደገፊያ ይዟል። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ከላይ ከቦክስ አዳራሹ የገመድ ዝላይ ድምፅ ይመጣል፤ ከታች በተከፈተው በር የከሰዓት ፀሐይ ገብታ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች አብርታቸዋለች። እንደቆመች ነገሩን ማጣራት ጀመረች። ፀጉሯን ነካችው፤ እርጥብ ነው። ታጥባለች ማለት ነው። ታጥባ ከሆነ ልምምዱ አልቋል። ልምምዱ ካለቀ ደግሞ እየወረደች ነው። እስከዚህ ድረስ ተገጣጠመላት። ግን በመጨረሻ የምታስታውሰው ጫማዋን ስታስር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ከኋላዋ የመጣች ልጅ።

ሳቂታ ናት፣ የልምምድ ጓደኛዋ። ስሙን ያወጡላት የክለቡ ልጆች ናቸው፤ ስለማትስቅ። ለልደቷ ፎቶ ስትነሳ እንኳ መታወቂያ የምታወጣ ነው የምትመስለው። ፌንጣንም ፌንጣ ያሏት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ሪንግ ውስጥ እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም።

«ዛሬ ስፓሪንግ ሠራን እንዴ?» አለች ፌንጣ፣ እንደ ዋዛ።

ሳቂታ ከእሷ እኩል እስክትሆን ወረደችና ፊቷን አየቻት። «አሁን እላይ ጠየቅሽኝ እኮ። ነገርኩሽ። እሺ አልሽ።»

«ስቀልድ ነው ባክሽ።»

«አትቀልጂ።»

የዚያን ጊዜ ነው ፌንጣ የሳቂታን ከንፈር ያየችው። የታችኛው አብጧል፤ ጥጉ ላይ ደም ደርቋል። «ከንፈርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ሳቂታ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። ከዚያ ቀድማት ወረደች። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ከፊት ከፊቷ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ከሌላ ክለብ የመጣች ከባድ ልጅ ከፌንጣ ጋር ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ግጥሚያ፣ ስትገጥም ጆሮ ግንዷ ላይ አሳረፈችባት። ፌንጣ ምቱን አላየችውም። የሰማችው ጭው የሚል ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ ያየችው ደግሞ የጣሪያውን መብራት። አሰልጣኙ ጋሼ በዚያች ቅጽበት ወደ መስኮቱ ዞረው ውሃ ያመጣውን ሰው ያነጋግሩ ነበር። መለስ ሲሉ ፌንጣ በጉልበቷ ቆማለች።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ላቡ ላይ አዳልጧት ነው» አለች ሳቂታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሳቂታ እንዲህ ያለችው ክፉ ሆና አይደለም። ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ልጅ ሐኪም እስኪፈቅድለት ጓንት አይነካም። ልመና አይሰሙም፣ አማላጅ አይቀበሉም። የክለቡ ምርጫ ደግሞ እሑድ ነው። ከፌንጣ ኪሎ አንዲት ልጅ ብቻ ለትልቁ ውድድር ታልፋለች። ፌንጣ ለዚህ ስትል ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ሮጣለች፤ ከጓደኞቿ ልደት ሁሉ ኬኩን አይታ ብቻ ነው የተመለሰችው። ሳቂታ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ዋሸችላት። ፌንጣም ተነስታ ጓንቷን አጋጨችና ቀጠለች። ጭንቅላቷ ያመማት ማታ ነው፤ እሱም ያልፋል አለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ስፌት ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋም ቤቷም አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ፌንጣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእሱ ድምፅ እየተኛች ያደገች ልጅ ናት። አሁን ግን መርፌው በተመላለሰ ቁጥር ከግንባሯ ጀርባ የሚወጋት መሰላት። ክር አውጥታ ልትቆርጥ ፈለገችና እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«ምን ፈለግሽ?» አለች እናቷ።

«ያንን... የሚቆርጠውን።»

«መቀስ?» እናቷ ሳቀች። «የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ መቀስ ጠፋብሽ?»

ፌንጣም አብራት ሳቀች። ወዲያው መስኮቱን አየች። ነጭ የስፖርት ጫማዋ ታጥቦ ተሰጥቷል። ክሮቹ ከጫማው ወጥተው፣ ለብቻቸው ታሽተው፣ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል።

«እማዬ፣ ጫማዬን አጠብሽልኝ?»

እናቷ መኪናውን አቆመች። «እኔ መቼ አጠብኩ? አንቺ ነሽ እንጂ ስትገቢ ያጠብሽው። ክሩን ሳይቀር። ስጠራሽም አልሰማሽ፤ ዛሬ ምን መልአክ ነካት ብዬ ዝም አልኩ።»

ፌንጣ በዕድሜዋ የጫማ ክር አውጥታ አጥባ አታውቅም። እጆቿን አየቻቸው። ጣቶቿ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ሰው ጣት ተጨማድደዋል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። እሷ በሌለችበት ሰዓት ሌላ ልጅ እየመጣች፣ እጇን ተውሳ፣ ሥራዋን በጥንቃቄ ሠርታ፣ ዕቃውን በየቦታው መልሳ የምትሄድ መሰላት። የሚያስፈራው ደግሞ ያቺ ልጅ ከእሷ ይልቅ ጨዋ መሆኗ ነው።

«ደክሞኝ ነው» አለች።

እናቷ ወደ መርፌዋ አልተመለሰችም። ልጅቷ ተነስታ አልጋዋ ላይ እስክትጋደም ድረስ ከኋላዋ አየቻት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሳቂታ ራሷ ፈለገቻት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወሰደቻት። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ብትቆጪም ተቆጪ» አለች። «ከንፈሬን ያሳበጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ትናንት ስፓሪንግ ላይ። ደወሉ ተደወለ። እኔ እጄን አወረድኩ። አንቺ አላወረድሽም። ፌንጣ በቃ፣ አልቋል አልኩሽ። ቀጠልሽ። ገመዱ ድረስ ነው የገፋሽኝ። ምቱስ ይሁን። ቦክስ ነው፣ ብመታ ምን አዲስ ነገር አለው። ዓይንሽ ነው የቀፈፈኝ። ተከፍቷል፣ ያያል፤ ግን ውስጡ ሰው የለም። ስትጨርሺ ደግሞ ፈገግ አልሽልኝ። እንደማታውቂኝ። መንገድ ላይ ለሚያሳልፍሽ ሰው ፈገግ እንደምትዪው።»

ፌንጣ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ጋሼስ? ዝም አሉ?»

«እሱ ነው ሁለተኛው ነገር። ቆመው እያዩን ነበር። ደወሉን እንደያዙ። ምንም አላሉም። ኋላ እኔ ስጮህ ነው ብንን ያሉት።»

ጋሼ እንደሚደጋግሙ ክለቡ ሁሉ ያውቃል። አንድ ወሬ በአንድ ቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ያወራሉ፤ ቃሉም ሳቁም አይለወጥም። ልጆቹ «ጋሼ ሪፒት ላይ ናቸው» እየተባባሉ በጓንታቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ፌንጣ ከሁሉም አስበልጣ የምትስቅ ነበረች፤ አነጋገራቸውንም እየቀዳች ታስቃለች። ጋሼ በወጣትነታቸው ስመ ጥር ቦክሰኛ ነበሩ። በዝረራ ተሸንፈው አያውቁም፤ ቢመቱም ይነሳሉ፣ ደግሞ ይመታሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ።

«ምነው ባልዋሸሁ» አለች ሳቂታ።

«አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው።»

«አውቃለሁ ለማን ብዬ እንደሆነ። ግን አሁን ከአንቺ ጋር ሪንግ መግባት ፈራሁ። ይኸው ነው።»

ከሰዓት ፌንጣ ከሌሎቹ ቀድማ ወደ አዳራሹ ሄደች። ምን ልትል እንደሆነ ገና አልወሰነችም። ምናልባት ዝም ብላ ትመለሳለች። እሑድ ሊደርስ ምን ቀረው? አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ግጥሚያ ብቻ፤ ከዚያ ትተኛለች፣ ከዚያ ሐኪም ታያለች። ደረጃውን ስትወጣ እያንዳንዱን እርከን በእግሯ እየፈተነች ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። የተንጠለጠሉት የመምቻ ከረጢቶች ግን ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ ሰንሰለታቸው ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፣ ነፋስ የለም። የፌንጣ ፀጉር ቆመ። ከዚያ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ሸተታት፤ ሰው ወልውሏቸው መሄዱ ነው። ዓይኗ ሪንጉ ላይ አረፈ።

ጋሼ ጥጉ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ፊታቸውን ወደ ማዶው ጥግ አድርገዋል። እዚያ ማንም የለም።

«ደወሉ ተደውሏል?» አሉ።

«አልተደወለም ጋሼ» አለች ፌንጣ። «ገና ማንም አልመጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዶውን ጥግ ማየታቸውን አልተዉም። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሁለት ዙር መሐል እንደሚያርፍ ቦክሰኛ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ፌንጣ ያንን ባዶ ጥግ ላለማየት ታገለች። ግን አየችው። ጋሼ የሚያዩት ሰው ሊነሳ የተዘጋጀ ያህል ገመዱ ረገብ ብሎ ነበር።

«ደወሉ ተደውሏል?»

ያው ድምፅ። ያው የአንገት አዘነባበል። ፌንጣ ይህን ስንቴ ቀድታ ልጆቹን አስቃለች። እሷስ ትናንት አንዱን ጥያቄ ለሳቂታ ስትደጋግም አንገቷን እንዴት አድርጋ ነበር?

«ጋሼ» አለች። ሪንጉ ጠርዝ ላይ ወጥታ በገመዱ ውስጥ እጇን አሳልፋ ክንዳቸውን ነካቻቸው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ ያዩአት እንደማያውቋት ሰው ነው፤ ፈገግም አሉላት፣ በትህትና። ከዚያ ዓይናቸው ውስጥ እሳቸው ራሳቸው ተመለሱ።

«አንቺ፣ መቼ መጣሽ?»

«አሁን ነው።» ሌላ ነገር ልትል ትችል ነበር። «ጋሼ፣ ያን ቀን አላዳለጠኝም። ተመትቼ ነው የወደቅኩት። ከዚያ ወዲህ ጊዜ ይጠፋኛል። ትናንት ሳቂታን ከደወሉ በኋላ መታኋት፤ እኔ ግን አላስታውስም።»

ፌንጣ ቁጣ ጠብቃ ነበር።

«አዳለጣት ያለኝ ማን ነበር?» አሉ ጋሼ።

«እኔው ነኝ።»

«የአንቺንና የሳቂታን ድምፅ መለየት እንኳ ገና አላቃተኝም» አሉ። ከበርጩማው ለመነሳት ገመዱን ያዙ። «እሑድ የለሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ቦርሳሽን ያዢ። እናትሽ ጋ እንሂድ።»

ሐኪም ቤት የሄዱት ሦስቱ ናቸው፤ ፌንጣ፣ እናቷና ጋሼ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ቃላት ነግራት ቆይታ መልሺልኝ አለቻት፤ ወራቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስቆጠረቻት፤ በአንድ እግሯ አቆመቻት። ፌንጣ፣ ሪንግ ውስጥ እንደ ልቧ የምትፈናጠረው ልጅ፣ በአንድ እግሯ መቆም አቃታት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ክንድሽ ቢሰበር በጀሶ እናስረዋለን፤ የሚያይሽ ሁሉ መሰበርሽን ያውቃል» አለች ሐኪሟ። «ይሄኛው አያብጥም፣ አይደማም። መጎዳቱን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ገና ሳይድን ደግመሽ ብትመቺ ግን የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።»

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቋትም። ሐኪሟ ጨርሳ ወረቀቷን ስትሰበስብ ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሱም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እስኪ እኔንም ጠይቂኝ» አሉ።

ፌንጣና እናቷ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ጠበቋቸው። ጋሼ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሐኪሟ ምን እንዳለቻቸው አልተናገሩም፤ ፌንጣም አልጠየቀችም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ደወሉን የሚይዘው ሌላ ወጣት አሰልጣኝ ሆነ። ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የእግር አጣጣል ያርማሉ፤ በዚህ ከእሳቸው የሚበልጥ የለም።

ማገገም ከልምምድ ሁሉ ይከፋ ነበር። ስልክ የለም፣ ንባብ የለም፣ ሩጫ የለም። እናቷ ከሥራ የተረፉ ጥቁር ጨርቆች ገጣጥማ ሰፍታ መስኮቱ ላይ ሰቀለችላት። የስፌት መኪናውን ጎረቤት ወስዳ እዚያ መሥራት ጀመረች። ቤቱ ጸጥ አለ። ፌንጣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጋደም ብላ ያቺን ሌላዋን ልጅ ትጠብቃለች። መምጣቷን በምን ያውቃሉ? አንዳንዴ ከሩቅ ደወል የሰማች ይመስላታል። ተነስታ ትቀመጣለች። ጫማዋን ታያለች፣ ባስቀመጠችበት አለ። ብርጭቆውን ታያለች፣ ግማሹ ተጠጥቷል። እኔ ነኝ የጠጣሁት? ትላለች። አንዳንዴ አዎ ነው። አንዳንዴ መልሱ ይዘገያል።

እሑድ መጥቶ አለፈ። ሳቂታ ልትነግራት መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማን እንዳሸነፈ በአጭሩ ነገረቻት። ፌንጣ ትራሷን ፊቷ ላይ አደረገች። ሳቂታ አላባበለቻትም፣ አልሄደችምም። ጨለማው ውስጥ ብዙ ጊዜ አብራት ተቀመጠች።

ከዚያ ቀስ በቀስ ብርሃኑ ለሰለሰላት። መጀመሪያ ከእናቷ ጋር እስከ መንገዱ ጥግ በእግር፤ ቀጥሎ ዝግ ያለ ሩጫ፤ ቀጥሎ ገመድ፤ ቀጥሎ ከረጢት። ሐኪሟ ያወጣችው ደረጃ ነው፤ አንዱ ላይ ራስ ምታት ከመጣ ወደ ኋላ አንድ መመለስ አለ። ፌንጣ ሁለቴ ተመለሰች። ሁለቴም አለቀሰች። መቀስ የሚለው ቃል ተመለሰላት፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ሰው መሐል ስትስቅ የራሷ ሳቅ መሆኑን ታውቀዋለች። እናቷም የስፌት መኪናዋን ወደ ቤት አመጣችው።

በመጨረሻ ስፓሪንግ ተፈቀደላት። ቀላል፣ አንድ ዙር ብቻ፣ ከሳቂታ ጋር።

ያን ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ መመለሷን ሰምተው ሪንጉን ከበቡት። ፌንጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ልትዘጋጅ ጎንበስ አለች። አጠገቧ ሳቂታ ስለ ሒሳብ ፈተናው ታወራለች። ከወዲያ ጋሼ ትንንሾቹን እያቆሙ ጉልበታቸውን ያስተካክላሉ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ነው። ጭንቅላቷ አላመማትም። መብራቱ አልወጋትም። ልቧ በደስታ ይመታል።

ከጓንት ሥር የሚሆነውን ፋሻ በግራ እጇ ላይ ለመጠቅለል ቀኝ እጇን ሰደደች። ተጠቅልሏል።

አየችው። ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ሥር፣ አንድም መጨማደድ ሳይኖርበት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ በሥርዓት ተሸጉጧል። እሷ ስትጠቀልል ሁልጊዜ ይዛነፍባታል።

ሳቂታ ፈተናውን ማውራቷን አላቋረጠችም። ማንም ምንም አላየም። ማንም ሰው ሐሳቡ ሄዶ እያለ እጁን ሊጠቀልል ይችላል፤ ስንቴ ያደረገችው ነገር ነው፣ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ምናልባት ይህ ያ ነው። ምናልባት አይደለም። ፌንጣ ልታስታውስ ሞከረች፤ አግዳሚው ላይ መቀመጧ አለ፣ ጎንበስ ማለቷ አለ። መሐሉን ብትፈልገው፣ ብትፈልገው አላገኘችውም።

«ፌንጣ፣ ነይ እንጂ» አለ ወጣቱ አሰልጣኝ ከሪንጉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሳቂታ ተነስታ ጓንቷን አጠለቀች።

ፌንጣ የፋሻውን ጫፍ ከተሸጎጠበት አወጣችው። መጀመሪያ ከጣቶቿ፣ ከዚያ ከመዳፏ፣ ከዚያ ከአንጓዋ ላይ ፈታችው። ጨርቁ ጉልበቷ ላይ ተከመረ። ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ።

«ጋሼ» አለች፣ ከወዲያ ላሉት። «እኔ ዛሬ ገመድ ብቻ ልዝለል።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩአት። ለምን ብለው አልጠየቋትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገመድ አውርደው ሰጧት።

ፌንጣ ሰው ወደሌለበት ጥግ ሄዳ መዝለል ጀመረች። ከናፍሯ ይንቀሳቀሳሉ። አንዷም እንዳትጠፋባት፣ እያንዳንዷን ዝላይ በልቧ ትቆጥራለች።